ሰመራን ያለፈው ሰርቪስ

እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ተሳቢ የነዳሁ ሰው ነኝ። ተሳቢ ታውቃላችሁ አይደል? ፊቱ ታጥፎ ሲጨርስ ኋላው ገና ወሬውን ያልሰማ መኪና ማለት ነው። ከጅቡቲ ጭኜ፣ በገላፊ ኬላ ገብቼ፣ ሎግያ ምሳዬን በልቼ፣ ገዋኔ ሻይ ጠጥቼ፣ ዓዋሽ ላይ ቤቴን በመስኮት ሰላም ብዬ አዳማ አራግፋለሁ። «በመስኮት» ያልኩት ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቤታችን ከአስፋልቱ መቶ ሜትር አይርቅም። ሁልጊዜ መቆም ስለማይቻል ጥሩምባ እነፋለሁ፤ ባለቤቴ ዘሀራ ደጃፍ ወጥታ እጇን ታውለበልባለች። አንድ ጊዜ ከነፋሁ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከነፋሁ ስመለስ እገባለሁ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከነፋሁ መንገዱ ላይ ፍየል አለ ማለት ነው። አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ የማይግባቡ ስንት ባልና ሚስት አሉ፤ እኛ በጥሩምባ እየተግባባን ሁለት ልጅ ወልደናል፣ አልሀምዱሊላህ።

ዘሀራ ልብስ ሰፊ ናት። ስለዚህ ሁለታችንም የመኪና ሠራተኞች ነን፤ ልዩነቱ የእሷ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ውሎ ከቤት አይወጣም።

ነገሩ የጀመረው በትልቋ ልጃችን በኢክራም ትምህርት ቤት ነው። ኢክራም ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። መምህሯ መምህር ጌታነህ ተማሪዎቹን «የወላጆቻችሁን ሥራ ንገሩኝ» ብሎ ሲጠይቅ የእኔዋ ተነሥታ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«የእናቴ ሥራ ልብስ መስፋት ነው። የአባቴ ሥራ ስልክ መደወል ነው። ሁልጊዜ ይደውላል፤ ከዚያ ኔትወርክ ይጠፋበታል።»

መምህር ጌታነህ የኔትወርክ ባለሙያ መሰልኩት። በነጋታው በደብተሯ ላይ ማስታወሻ ጽፎ ላከ፦ «ዓርብ ዕለት ወላጆች ተገኝተው ስለ ሥራቸው ለተማሪዎች ያስረዳሉ። በተለይ እርስዎ የኔትወርኩን ችግር ቢያብራሩልን ደስ ይለናል።»

እንደ ዕድል ሆኖ መኪናዬ አዳማ ጋራዥ ገብቶ ነበር። ሞተሩ ተፈቷል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሥራ የለም። ሸሚዜን አስተኩሼ ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ የተሰጠን መቀመጫ የልጆቹ ነው። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተዋወቀ። መጀመሪያ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ተነሣና «ዳቦ እጋግራለሁ» አለ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እውነትም ዳቦ የሚያስጨበጭብ ነገር ነው። ቀጥሎ የፓርኩ ስካውት ተነሣ።

«እኔ አንበሳ እጠብቃለሁ።»

«ከማን?» አለች አንዲት ፊት የተቀመጠች ልጅ።

ስካውቱ ትንሽ አሰበና «ከሰው» አላት። ይህም ተጨበጨበለት።

ተራዬ ደረሰ። ከኔትወርክ ጋር ያለኝ ግንኙነት የመለመን ብቻ እንደሆነ አስረድቼ፣ ስለ ተሳቢው ጀመርኩ። ስንት ጎማ እንዳለው ስነግራቸው አፋቸውን ከፈቱ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ትንሽ ጎረርኩ፤ ከሚሌ ወዲህ ያለውን ጠመዝማዛ በእጄ ሳልኩላቸው፣ ግመል ሲያቋርጥ እንዴት ፍሬን እንደሚያዝ በእግሬ አሳየሁ። ያን ጊዜ ያቺው የፊት ወንበር ልጅ እጇን አወጣች።

«የት ነው የምትተኛው?»

«መኪናው ውስጥ። ከወንበሩ ኋላ አልጋ አለው።»

«የት ነው የምትበላው?»

«መንገድ ላይ።»

«ቤት የለህም?»

«አለኝ እንጂ!» ብዬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን ማንም አብሮኝ አልሳቀም። ልጆቹ የሚያዩኝ ዓይን ታውቁታላችሁ? ዝናብ ላይ የቆመ አህያ የሚታይበት ዓይን። ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ተነሣና ከምሳ ዕቃው ግማሽ ዳቦ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ተጨበጨበ። ለእሱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኢክራም እጄን ይዛ ጠጠር እየረገጠች ትሄዳለች። አንድ ነገር እንደደበቀችኝ ገብቶኛል።

«ምን አልሻቸው ስወጣ?»

«ቤት አለው አልኳቸው።»

«ጎሽ።»

«ግን ረስቶት ነው አልኳቸው።»

እናንተዬ፣ በጅቡቲ ሙቀት ጎማ ቀይሬያለሁ፣ በገላፊ ሰልፍ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ፤ እንደዚያች ቃል ግን ወገቤን የቆረጠኝ የለም። ቤት ስንገባ ደግሞ ትንሹ አብዱ፣ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ እኔን ሲያይ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ተደበቀ። ለዘሀራ «ሥራ እቀይራለሁ» አልኳት።

የምትሰፋውን አቁማ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ምን ልትሠራ?»

«ለቤተሰብ የሚመች ሥራ።»

«አንተ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«ሠርጋችን ጊዜ።»

«በሦስተኛው ቀን ጎማ ልይ ብለህ ወጥተህ ገላፊ ሆነህ ነው የደወልክልኝ» አለችና መስፋቷን ቀጠለች። እንዲህ ናት። የልብስም የሰውም ልክ በዓይኗ ትወስዳለች። ጥቂት ቆይታ ግን፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ኢንሻአላህ ይሳካልህ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ሰለል ያለ መሰለኝ፤ ወይም የመኪናዋ ድምፅ ነው።

ሥራው በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ሰመራ የሚኖር የዘሀራ ወንድም ደውሎ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ሰርቪስ ሹፌር እንደሚፈልግ ነገረን። ጠዋት ሠራተኞቹን ከሎግያ ወደ ሰመራ ማምጣት፣ ማታ መመለስ፤ መካከል ላይ ደግሞ አንዳንድ መልእክት። ከሎግያ ሰመራ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔ አሥር ደቂቃ የሚነዳ ሥራ መኖሩንም አላውቅም ነበር። አሥር ደቂቃ እኮ እኛ ዘንድ ሞተር ማሞቂያ ነው!

ወደ ሰመራ የሄድኩት በሚኒባስ፣ ተሳፋሪ ሆኜ ነው። ሹፌር ተሳፋሪ ሲሆን አይጣል ነው። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እኔም የወለሉን ምንጣፍ እረግጣለሁ። ገዋኔ ስንደርስ ቀኝ እግሬ ዝሎ አነክስ ነበር።

ገዋኔ ላይ ለምሳ ስንቆም ወደ ጋሽ ሰይድ ምግብ ቤት ገባሁ። ጋሽ ሰይድ የአገሬ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሾፌር መግበዋል። ምክር ፈልጌ ነገሩን በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው።

«ለቤተሰብ የሚመች ሥራ?» አሉ በጆሮዬ ሊሆን ይገባው የነበረውን ለምግብ ቤቱ በሙሉ። «ያውልህ የእኔ! ሚስቴ ወጥ ቤት፣ ሁለቱ ልጆቼ መስተንግዶ፣ አማቴ ገንዘብ ያዥ። ጠዋት ከቤተሰብ ጋር፣ ቀን ከቤተሰብ ጋር፣ ማታ ከቤተሰብ ጋር። ወላሂ ልጄ፣ አንዳንዴ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና ሳይ ዓይኔ አብሮት ይሄዳል።»

ከአጠገባችን አባ ሁመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ሻይ ይጠጡ ነበር። ለዓመታት ፍየል የምገዛቸው ደንበኛዬ ናቸው። በትራቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው ከክፍሉ ልጆች እስከ ዳቦው፣ ከዳቦው እስከሚጠብቀኝ የሰመራው የመንዳት ፈተና ድረስ አንድ ባንድ ጠየቁኝ። መለስኩ። ከዚያ «አባ ሁመድ፣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ አሠሪዬ አልሰማም» አልኳቸው።

አዘኑልኝ። «ሰው መንገድ ላይ አግኝቶኝ 'ምን አየህ፣ ምን ሰማህ' ሲለኝ ምን ልበለው? ልዋሽ?»

ይህ ዳጉ የሚሉት ነገር ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው። ሚስጥርን ለዳጉ መስጠት ማለት ውኃን ለዓዋሽ ወንዝ «አደራ እዚሁ ቆይልኝ» ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም።

ሚሌ ሳንደርስ አሠሪዬ ከአዳማ ደወለ። «ልትለቅ ነው አሉ?» ሰመራ ስደርስ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ አባ ያሲን በሩን ሳይከፍቱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጆቹ ዳቦ የሰጡህ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ» አልኩ፤ ምን እላለሁ።

«በልተኸዋል?»

«ለልጄ ሰጠኋት።»

«እንደዚያ ነው የሰማሁት» ብለው ከፈቱልኝ። ለማጣራት ኖሯል።

ፈተናው በነጋታው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሎግያ ላይ ሆነ። የስምሪት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰናይት ይባላሉ፤ ረጋ ያሉ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ከእጃቸው የማይለይ ሴት። ከፊት ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ከኋላዬ የዕቅድ ባለሙያው አቶ ተስፋዬና የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ፋጡማ፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ስምንት ሠራተኞች ገቡና መጋረጃውን ለፀሐይ ዘግተው ወዲያው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። ቢስሚላህ ብዬ ተነሣሁ። ሚኒባሱ ከተሳቢው ጋር ሲተያይ ጫማ ማድረግ ነው። ትንሽ ነካ ሳደርገው ይሄዳል፤ እንዴት ደስ ይላል!

ወይዘሮ ሰናይት ደብተራቸውን ገልጠው «ለምንድን ነው ይህን ሥራ የፈለጉት?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ከጥሩምባው እስከ «ረስቶት ነው» ድረስ። ስጨርስ መጻፋቸውን አቁመዋል። ከኋላ አቶ ተስፋዬ ረዥም ትንፋሽ አወጡ።

«የእኔ ልጅ ብትጠየቅ ምን እንደምትል እንጃ» አሉ። ቤተሰባቸው ደብረ ብርሃን ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚያዩት። «የእኔ ሥራ ዕቅድ ማቀድ ነው። የዓመቱን ዕቅድ አቅደን ስንጨርስ ዓመቱ ያልቃል። ሚስቴ 'የእኛስ ነገር?' ስትለኝ 'በረቂቅ ደረጃ ላይ ነው' እላታለሁ።»

«ምን ብትሠራ ትወድ ነበር ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ።

አቶ ተስፋዬ አፍረው ሳቁ። «ንብ ባረባ። ንብ ስብሰባ አይጠራም።»

«እኔ ደግሞ ፋይል እፈልጋለሁ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ። «ቀኑን ሙሉ 'ፋጡማ፣ የእገሌ ፋይል የት ነው?' ስባል እውላለሁ። ቤት ስገባ አራቱ ልጆቼ በር ላይ ቆመው 'እማ፣ ካልሲዬ የት ነው?' ይሉኛል። ሰዓቱ ይለወጣል እንጂ ሥራዬ አይለወጥም! አላህ ቢለኝ የሕፃናት ማቆያ ብከፍት፤ የእኔም የሌላውም ልጅ አንድ ላይ። ቢያንስ ካልሲው ሁሉ አንድ ቦታ ይጠፋል።»

ሳቃችን ሚኒባሱን አናወጠው። ወይዘሮ ሰናይት እንኳ ፈታኝነታቸውን ረስተው ወደ ኋላ ዞሩ። «እኔስ? አርባ መኪና የት የት እንዳለ በቃሌ አውቃለሁ። ልጄ የት እንዳለ ለማወቅ ግን ጎረቤት እደውላለሁ። አንድ ቀን ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? 'እማዬ፣ እኔንም ታርጋ ለጥፊብኝ።'»

እንደዚያ ያለ ጨዋታ ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም የሥራውን ጉድ ያወጣል፣ ሁሉም ልቡ ውስጥ የደበቀውን ሥራ ይናገራል፤ እኔም መሪዬን ይዤ በሳቅ እንባዬ ይወርዳል። መንገዱም እጄም ይተዋወቃሉ፤ እኔ ጣልቃ መግባት አላስፈለገኝም።

በመካከሉ አቶ ተስፋዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ በቀስታ፣ ማንንም ማሳፈር እንደማይፈልግ ሰው፣ «ይቅርታ... ይሄ ተራራ ሰመራ ውስጥ ነበር እንዴ?» አሉ።

አልነበረም። ሰርዶ ልንደርስ ነው።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ» ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመት ሰመራን የማውቃት በስተጎን የምታልፍ ከተማ ሆና ነው። መታጠፊያው ላይ እጄ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ወደ ጅቡቲ ቀጠለ። አሥራ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ወደ ጠረፍ እየወሰድኩ ነበር!

ከኋላ ያሉት ነቁ። አንዱ «ደረስን?» አለ። አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ «ሦስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለን!» ብላ ጮኸች። እኔ ደንግጬ ለመዞር መሪውን ጠመዘዝኩ። ስጠመዝዝም ለማን? ለተሳቢ። ያ ሁሉ ጅራት እንዲከተለኝ ብዬ ከአስፋልቱ ወጥቼ ሜዳውን በሰፊው ዞርኩ፤ ጅራት የሌላት ምስኪን ሚኒባስ ሄዳ ሄዳ አሸዋ ውስጥ እስከ ወገቧ ተቀመጠች።

ወረድን። ፀሐይዋን አትጠይቁኝ። እዚያ አገር ፀሐይ በጠዋት አትመጣም፤ እዚያው ነው የምታድረው። ሠራተኛው ሁሉ ሊገፋ ተሰለፈ፤ አቶ ተስፋዬ ማን የት እንደሚቆም አቀዱ፤ አንድ ሁለት ሦስት ተብሎ ተገፋ፤ የአቶ ተስፋዬ የግራ ጫማ አሸዋው ውስጥ ቀረ፤ ሚኒባሷ ግን እንደነበረች ናት። ያን ጊዜ ሁለት ግመል የሚነዱ አንድ ሰውዬ ብቅ አሉ። እሰይ አልን። እሳቸው ግን ወደ ሚኒባሷ አልሄዱም። ግመሎቻቸውን አቁመው ቁጢጥ አሉና ወይዘሮ ፋጡማን በአፋርኛ ማናገር ጀመሩ።

«ምን ይላሉ?» አልኩ።

«መጀመሪያ ዳጉ» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ።

ከዚያ ሁሉ ተነገራቸው፤ ጥሩምባው፣ ዳቦው፣ ንቡ፣ ካልሲው፣ ታርጋው። ሰውዬው «ኢሂ» እያሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሲያልቅ ተነሥተው ከጎማው ሥር ጠጠርና ቁጥቋጦ አስገቡልን፣ ገመድ ከግመሎቹ አስረው ጎተቱ። ወጣን። ሊለዩን ሲሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ግመል እንኳ ቤቱን ያውቃል፤ አንተም ትለምዳለህ ይሉሃል» ብለው ወይዘሮ ፋጡማ ተረጎሙልኝ።

ስንመለስ እኔ የማስበው ኢክራምን ነው። «አባትሽ ቤቱ የሚያስገባውን ሥራ አገኘ» ልላት ነበር የመጣሁት። አሁን ምን እላታለሁ? «ሥራውን አለፍኩት» ልበል? መስተዋቱን የማይ መስዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ስብሰባው ያለ ተሰብሳቢ ተጀምሮ ያለ ተሰብሳቢ ተዘግቷል። «የት ነበራችሁ?» አሉ።

ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ ጥበቃው አባ ያሲን ከጎናቸው መለሱ። «ሰርዶ ነበሩ። አሸዋ ይዟቸው፣ ሁለት ግመል አወጣቸው። የአቶ ተስፋዬ ጫማ ግን አልተገኘም።» ዳጉም ዘንድሮ ስልክ ይዟል።

ኃላፊው ወደ አቶ ተስፋዬ እግር አዩ። ከንፈራቸውን ነከሱ። ወደ ወይዘሮ ሰናይት ዞረው «የፈተናውን ውጤት ያንብቡልኝ» አሉ።

ወይዘሮ ሰናይት ደብተራቸውን ገለጡ። «ማርሽ አቀያየር፣ በጣም ጥሩ። ፍጥነት፣ ጥሩ። ለተሳፋሪ ያለው ጠባይ፣ እጅግ በጣም ጥሩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰመራን ማግኘት፣ ያልተሟላ።»

ኃላፊው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየን ይመስለኛል። ወይዘሮ ፋጡማም ይህን አጋጣሚ አላሳለፉትም። «ጌታዬ፣ በዚህ ሰርቪስ ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከአቶ ተስፋዬ ጋር ጎን ለጎን። ልጅ እንዳላቸው ያወቅሁት ዛሬ ነው። ይህ ሰው ነገ አንድ ጊዜ ይሞከር።»

ማታ ለዘሀራ ደውዬ ተናዘዝኩ። የሳቋ ድምፅ መጣ፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ስልኩን ለኢክራም ሰጠቻት፤ ኢክራም ደግሞ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። መጨረሻ ላይ ዘሀራ ተመልሳ «ቢቀጥሩህም ባይቀጥሩህም ና ግባ» አለችኝ። ያን ቃል ጥሩምባ አይችለውም።

በነጋታው ጠዋት ከሎግያ ስነሣ የተኛ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጀርባውን አቅንቶ መንገዱን ያያል። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ «ታጠፍ!» ብለው ጮኹ። ታጠፍኩ። ጭብጨባው ከዳቦ ቤቱ ባለቤት አይተናነስም ነበር። በሳምንቱ የቅጥር ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፤ በወሩ ዘሀራ መኪናዋን አስጭና፣ ልጆቹን ይዛ ሰመራ ገባች።

አሁን ያለ ችግር ኖርን ብዬ ብዋሽ ደስ ባላችሁ ነበር። ለቤተሰብ የሚመች ሥራ ያገኘ ሰው ቤተሰቡ ይመቸው እንደሆነ አስቀድሞ አይጠይቅም። ምሳ ሰዓት ቤት እየገባሁ ወጥ ቤቱን አደራጀሁ፤ ቅመሙን እንደ ጭነት፣ ከባዱን ከታች ቀላሉን ከላይ። ዘሀራ ጨው ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀች። ደንበኞቿ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ በተራ በተራ አስገባለሁ። ኢክራም የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከጎኗ ተቀምጬ «ቀስ በይ፣ ቁልቁለት ነው» እላታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዘሀራ የልክ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ለቤት የሚመች ሥራ አገኘህ፤ እሰይ። አሁን ደግሞ ለቤት የሚመች ሰው ሁን።»

እሱ ከተሳቢው ይከብዳል። ግን ተምሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ በሥራዬ መካከል ባለው ክፍት ጊዜ አብዱን ይዤላት እወጣለሁ፤ እሷም በሰላም ትሰፋለች።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ አብዱ ተነጫነጨ። የአንድ ወገን አፍንጫው ብቻ ይፈሳል፣ እንቅልፍ እምቢ አለ። ዘሀራ የሙሽራ ልብስ ልታስለካ ሎግያ ሄዳለች። ብቻዬን አቅፌው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እውነት ለመናገር ፈርቻለሁ፤ ተሳቢ በምነዳበት ዘመን ልጅ ሲታመም እኔ የምሰማው ከዳነ በኋላ ነበር። ሲስተሯ ካርድ አውጥታ፣ ከኋላዬ ሴት ፈልጋ፣ ስታጣ «እናቱስ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ናት። እኔን ጠይቂኝ።»

ሳታምነኝ ጀመረች። «ዕድሜው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከዘጠኝ ቀን።»

ቀና አለች። «ትናንት ምን በላ?»

«ጠዋት የእንቁላል ነጩን፤ አስኳሉን ለድመት ሰጠ። ምሳ ሩዝ፣ ሰባት ማንኪያ፤ ስምንተኛውን ተፋው። መክሰስ ላይ የተቀቀለ ሽምብራ። አሥራ አንድ ፍሬ ሰጠሁት፣ አሥሩን በላ፤ አንዷን ምንጣፉን ሁሉ አገላብጬ አጣኋት።»

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የአብዱን ራስ ወደ ኋላ ቀና አድርጋ በትንሿ ባትሪዋ የሚፈሰውን አፍንጫ አየች፤ ቀጭን መቆንጠጫ አነሣች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አብዱ አንድ ጊዜ ጮኸ። ስገልጥ መቆንጠጫው ጫፍ ላይ ያበጠች ሽምብራ ነበረች።

«ይቺውልህ አሥራ አንደኛዋ» አለች ሲስተሯ።

አብዱ አንገቴን በሁለት እጁ አንቆ ያዘኝ፤ ንፍጡንም እንባውንም ሸሚዜ ላይ አደረገው፤ ቤታችን እስክንደርስ አልለቀቀኝም።